ስፖርት መኪና ለድሬ ያማረህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀረጧን አስላ

አቦ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲንጫጫ የአጎቴ ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ሚኒያፖሊስ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ፎቶ ልኳል። ቀይ ፎርድ ሙስታንግ፣ 2.3 ሊትር፣ የ2015 ምርት፣ 14 ሺህ ዶላር። ከሥሯ አንድ መስመር፦ «ድሬ በር ላይ ስንት ትደርሳለች?» ይሄንን ጥያቄ ከሱ ብቻ አይደለም የሰማሁት፣ ስለዚህ ከእንግዲህ በድምፅ መልእክት ከመቅዳት አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አጭሩ መልስ፦ አትገባም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏል። ቤንዚኑም ናፍጣውም። «ጉምሩክ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ» የሚልህ ካለ ስሙን መዝግበህ ራቀው። መኪናዋን ጭነህ ከላክሃት በኋላ ጅቡቲ ላይ ቆማ ኪራይ የምትቆጥረው በሱ ስም ሳይሆን በአንተ ስም ነው።

«ታዲያ ሂሳቡን ማወቅ ምን ይጠቅመኛል?» ትላለህ። ይጠቅምሃል። ከክልከላው በፊት የገቡ ስፖርት መኪናዎች ድሬም ሐረርም አዲስ አበባም ለሽያጭ አሉ። ከነሱ ውስጥ ደግሞ ቀረጥ ሳይከፈልባቸው በነፃ የገቡ አሉ። እንዲህ ያለችውን ስትገዛ ያልተከፈለው ቀረጥ ወደ አንተ ይዞራል። ሻጩ የሚጠራልህ ዋጋም ውድ ይሁን ርካሽ የምታውቀው ቀረጡን ማስላት ስትችል ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የእኛ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ፐርሰንቶቹን ይደምራቸዋል። ባለፈው በርጫ ላይ አንዱ ጓደኛችን ጫቱን እየቀነጠሰ «35 ሲደመር 500 ሲደመር 15 ሲደመር 10፣ 560 ፐርሰንት፣ አለቀ» አለ። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር ያልቃል። ሂሳቡ ግን እንደዚያ አይሄድም። ግብሩ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ ነው የሚቆለለው።

መነሻው ሲአይኤፍ የሚሉት ነው፤ የመኪናዋ ዋጋ፣ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ አንድ ላይ። እንዲቀልልህ ይሄ 100 ብር ነው እንበል። ሞተሯ ከ1800 ሲሲ በላይ ከሆነ የጉምሩክ ቀረጡ 35% ነው። 135 ሆነ። ኤክሳይዝ፣ ማለትም እንደ መኪና ባሉ ዕቃዎች ላይ ከቀረጡ ሌላ የሚጣለው ግብር፣ የሚሰላው በ100ው ላይ ሳይሆን በ135ቱ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መሠረት ከ7 ዓመት በላይ የሆናት፣ ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነች መኪና 500% ትከፍላለች። የ135 አምስት እጥፍ 675 ነው፤ ድምሩ 810 ደረሰ። ቫት 15% በ810 ላይ ነው፣ 121.50 ጨምር፣ 931.50። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር 10% ደግሞ ቫቱን ጨምሮ በሁሉም ላይ ነው፣ 93.15። መጨረሻው 1024.65።

እንግዲህ በ100 ብር መኪና ላይ 924.65 ብር ግብር። ጓደኛችን 560 ያለው ነው።

ወደ ሙስታንጓ እንመልሰው። 14 ሺህ ዶላር ተገዝታ ማጓጓዣና ኢንሹራንሱ 3 ሺህ ፈጀ እንበል፣ 17 ሺህ። ግብሩ ወደ 157 ሺህ ዶላር ይሆናል። በመደመር ያሰላ ሰው ግን 95 ሺህ ነው የሚያገኘው። ልዩነቱ ወደ 62 ሺህ ዶላር ነው፣ በአንድ የስሌት ስህተት። በዚህ ላይ በሲአይኤፉ 3% የሚታሰብ ሶሻል ዌልፌር ሌቪ የሚባል ክፍያ አለ፤ ከሌላው አንፃር ትንሽ ነው ግን አትርሳው። ለንግድ የሚያስገባ ደግሞ ሌላ 3% ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዝ ግብር) አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳህ ዕድሜዋ ነው። ተመሳሳይዋ መኪና አዲስ ብትሆን ኤክሳይዟ 100% ነበር፣ በ100 ብሩ ላይ ጠቅላላ ግብሯ 241.55 ብር ነው የሚሆነው። ከ4 እስከ 7 ዓመት ውስጥ ብትሆን ኤክሳይዟ 300%፣ ጠቅላላው 583.10። ሰባት ዓመቷን ስትሻገር 924.65። አሮጌ መኪና ርካሽ ነው የሚለው ነገር አሜሪካ ውስጥ ይሠራል። እዚህ ግን ባረጀች ቁጥር ከዋጋዋ የምታተርፈውን ኤክሳይዙ አሳምሮ ይወስድብሃል።

ስለዚህ የምርት ዘመን የሚለውን ነገር በግምት አትለፈው። አሜሪካ «የ2016 ሞዴል» ተብላ የተሸጠች መኪና 2015 ላይ ተሠርታ ልትሆን ትችላለች። የሹፌሩን በር ከፍተህ በሩ የሚገጥምበት ቋሚ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እይ፤ የተሠራችበት ወርና ዓመት እዚያ አለ። እዚያው ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የአሜሪካ መኪና ከሆነች አሥረኛው ምልክት የሞዴል ዓመቷን ነው የሚነግርህ። የሁለቱንም ፎቶ ሳታይ ማንም ጋ ቀብድ አታስይዝ።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ጉምሩክ ያንተን ኢንቮይስ (የግዢ ደረሰኝ) አይቶ «እሺ» ብሎ አያልፍም። የራሱ የዋጋ መረጃ አለው። የተጋጨች መኪና በጨረታ በ5 ሺህ ዶላር ገዝተህ ግብሩም በ5 ሺህ የሚሰላ ከመሰለህ ትደነግጣለህ። ኢንቮይስ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር፤ ያተረፍክ መስሎህ በቅጣት ትከፍለዋለህ።

ምንዛሪውም አለ። ሲአይኤፉ ወደ ብር የሚቀየረው በዘመኑ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ ነበር። ስለዚህ ያክስትህ ልጅ በ2013 ያስገባት መኪና «ይሄን ያህል ብር ነው የከፈልኩባት» ቢልህ ወሬውን ስማ፣ ቁጥሩን ግን አትያዝ።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ስነግረው ሁለት ቀን ጠፋ። ከዚያ ተመለሰ። እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትሸጥ አንዲት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና አግኝቶ፣ «ሂድና እያት» አለኝ። ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራው ላይ አንዲት ፍየል ወጥታ ተኝታለች፣ ባለቤቱ እሽ ሲላት እንኳን ቀስ ብላ ነው የወረደችው። ጎማዎቹ ተኝተዋል። ቀለሟ ግን ያምራል፣ አልዋሽም፣ ልቤ ራሱ ከዳኝ። ዋጋዋን ሲነግረኝ እኔ ከገመትኩት በግማሽ ያነሰ ነው። እዚያች ላይ ነው ቆም ማለት የሚያስፈልገው። በ100 ብሩ ሂሳብ ካሰላኸው፣ በዚያ ዋጋ ማንም ቀረጥ ከፍሎ መኪና ሊሸጥ አይችልም።

ሊብሬዋን አምጣልኝ አልኩት። አመጣ። ስሙ ትክክል፣ የሞተር ቁጥሩ ትክክል። ገለጥ አድርጌ ሳይ ኋላ ላይ ማኅተም አለ፤ በቀረጥ ነፃ የገባች ናት፣ ያለ ጉምሩክ ፈቃድ ስም አይዛወርም። «ይቺን እኮ እንጨርሳታለን» አለኝ። ዲክላራሲዮኗስ፣ ጉምሩክ ያለፈችበት ወረቀት? «አዲስ አበባ ነው ያለው።» መቼ ይመጣል? «ይመጣል።»

እንዲህ ከገጠመህ ሁለት ምርጫ ነው ያለህ። ሻጩ ራሱ ጉምሩክ ቀርቦ ቀረጡን ከፍሎ፣ ደረሰኙንና ዲክላራሲዮኑን ይዞ ይምጣና ያኔ ተዋዋል። ካልሆነም ቀረጡ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ አስወስነህ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ አስቀንስ። «ስሙን በኋላ እናዛውራለን፣ እስከዚያ በውክልና ንዳት» የሚለውን ግን እንዳትቀበል። ውክልና ባለቤት አያደርግህም፤ ወካዩ ቢሞት ወይም ቢሽረው መኪናዋ እጅህ ላይ ትቀራለች፣ ገንዘብህ ግን የለም።

ከምሥራቁ ድንበር ያለ ወረቀት የገባች «በጣም ርካሽ» ነገር ከመጣችልህም ያው ነው። ዲክላራሲዮን የሌላት መኪና ኮንትሮባንድ ናት። ኬላ ላይ ስትያዝ ትወረሳለች፣ አብሯት የተያዘው ወንድምህም ይጠየቃል።

ኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ለምትፈልግ ነገሩ ሌላ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከቫት ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥመው ለሚመጡት 15% ቀረጥ ብቻ አስቀርቶ ነበር። በ100 ብሩ ሂሳብ 115 ማለት ነው። ግን ይሄ ዓይነት ነገር በአንድ ደብዳቤ ስለሚለወጥ፣ መኪናዋን ከመጫንህ በፊት በዚያ ሳምንት የሚሠራበትን ሕግ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ጠይቀህ፣ ስሌቱን በቁጥር አስጽፈህ ተቀበል። ያገለገለች ከሆነች ደግሞ የባትሪው አቅም ስንት ፐርሰንት እንደቀረ ይለካልህ። ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው፣ የድሬን ግንቦት ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ።

ውክልናው ላይ አጭር ነገር። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደህ የምትሰጠው የውክልና ወረቀት አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ነው ሰነዶች ማረጋገጫ የሚሄደው። «ጠቅላላ ውክልና» ብለህ አትለፍ። ምን እንዲሠራልህ እንደምትፈልግ ዘርዝር፤ ጉምሩክ ቀርቦ እንዲፈርም፣ ቀረጥ እንዲከፍል፣ መኪና እንዲረከብ፣ በስምህ ሊብሬ እንዲያወጣ። መሸጥ እንዲችል ካልፈለግክ ግልጽ አድርገህ «መሸጥ አይችልም» በል። ወንድም ቢሆንም። በተለይ ወንድም ከሆነ።

የቀረጡን ብር ለቤተሰብ አንድ ላይ አትላክ። የክፍያ ማዘዣው ሲወጣ ፎቶ ያንሱልህ፣ ያንን ያህል ብቻ በባንክ ላክ፣ ደረሰኙን ያን ቀን ተቀበል። ሠርግና ለቅሶ በመሃል ሲገባ የቀረጥ ብር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረጥ አይደለም ግን ልንገርህ። ከድሬ ወደ ሐረር ደንገጎን ስትወጣ ያለውን ጥምዝምዝ አስበህ፣ ሆዷ መሬት የምትልስ መኪና ትፈልጋለህ? ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ እንኳን ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ ስፖርት መኪና እዚያ የምታስገባው ተሸክመህ ነው። የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ይሄን ሁሉ ዓመት የኖሩት መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታቸው ነው። የሙስታንግ ሴንሰር ሲበላሽ ግን መለዋወጫውን ራስህ በሻንጣ ነው የምታመጣው።

የአጎቴ ልጅ እስካሁን አልወሰነም። የሳቢያኗ መኪና አሁንም ሸራዋ ሥር ናት። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ባለቤቱ ጠርቶኝ «ቀንሻለሁ በለው» አለኝ። ዲክላራሲዮኑ መጣ ወይ ስለው ሻይ አዘዘልኝ።