ሞተርሳይክል በአውሮፕላን ጭኖ ወሎ ለመግባት፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የራሱን ሞተር በአውሮፕላን አስጭኖ፣ ከቦሌ ተነስቶ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ወልዲያንና ላሊበላን እየነዳ ሊያይ የመጣ ሰው፣ ደሴ ሸዋ በር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወራው ከኮምቦልቻ ደሴ ስለሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አይደለም። ስለ መጋዘን ኪራይ ነው። ቅሬታው ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ነገሩ ወደ ኋላ ሲመረመር፣ አብዛኛው መነሻ የሚገኘው ቦሌ ሳይሆን ሞተሩ ከመላኩ በፊት ቆሞበት በነበረው ግቢ ነው።

«ሞተሬ 210 ኪሎ ነው፤ የ352 ኪሎ ሒሳብ ላኩልኝ»

እዚህ ውስጥ ተንኮል የለም። የአየር ጭነት ሒሳብ የሚሠራው ከእውነተኛው ክብደትና ከሚይዘው ቦታ በበለጠው ነው። ቦታው ወደ ኪሎ የሚለወጠው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር ተባዝተው ለ6,000 ሲካፈሉ ነው። 220 በ80 በ120 የሆነ ሳጥን 352 ኪሎ ይወጣዋል።

መፍትሄው ሳጥኑን ማሳነስ ነው። የንፋስ መከላከያው መስታወትና ስፖኪዮዎቹ ይውለቁ፤ መሪው ተፈትቶ ወደ ታች ይታጠፍ፤ የጎን ሻንጣዎቹ ይነሱ። የፊት ጎማው ከወለቀ ርዝመቱም ቁመቱም ይቀንሳል፤ 195 በ80 በ105 ማድረስ ከተቻለ ሒሳቡ ወደ 273 ኪሎ ይወርዳል። ጎማ ማውለቅን ግን ለሁሉም አልመክርም። የጭነት ተርሚናል ጋራዥ አይደለም። ማንሻና ትክክለኛ ቁልፍ ያልያዘ ሰው ቦሌ ላይ ጎማውን አቅፎ ይቆማል።

ቁመቱ ከ160 ሴንቲሜትር በታች እንዲሆን ደግሞ ይጣሩ። ከዚያ በታች ከሆነ በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው፤ ካለፈ የሚጠብቀው ሙሉ የጭነት አውሮፕላን ብቻ ነው።

«ጭነት ክፍሉ አልቀበልም ብሎ መለሰኝ»

ሞተርሳይክል በአየር ጭነት ሕግ አደገኛ ዕቃ ነው፤ በዘጠነኛው ምድብ፣ ዩኤን 3166 በሚለው ቁጥር ይመዘገባል። ነዳጁ በተቻለ መጠን ተቀድቶ መውጣት አለበት፤ የሚቀር ካለም ከሰልባትዮው (ከነዳጅ መያዣው) ሩብ መብለጥ የለበትም። ይህ የዓለም አቀፉ ደንብ ጣሪያ ሲሆን፣ ብዙ አየር መንገዶች ከዚያም ጠበቅ አድርገው ባዶ ሊሆን የቀረበ ሰልባትዮ ይጠይቃሉ።

ሠራተኛው መጀመሪያ የሚጠቀመው መሣሪያ አፍንጫው ነው። ቤንዚን ከሸተተው ወረቀት አያነብም። ስለዚህ ነዳጁ ተቀድቶ የሚወጣው በማስረከቢያው ዕለት ጠዋት ሳይሆን ከዚያ በፊት ይሁን፤ ክዳኑ ተከፍቶ አየር ላይ ይቆይ፤ በቱቦና በካርቡሬተር ውስጥ የቀረውም ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ እየሠራ ይጨርሰው። ባትሪው በደንብ ይታሰር፤ ገመዱ ከተፈታ ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ። የአደገኛ ዕቃ መግለጫ ቅጹን ሥልጠና ያለው ሰው ይሙላው፤ በጓደኛ ምክር የሚሞላ ቅጽ አይደለም።

ነዳጁ ደርቆም የሚመለስ ሞተር አለ። የጎን ሻንጣው ሲከፈት የሰንሰለት ቅባት የያዘ የሚረጭ ቆርቆሮ፣ የካምፕ ምድጃ ጋዝ፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ይገኛል። እነዚህ ለብቻቸው አደገኛ ዕቃ ስለሆኑ ሳይመዘገቡ መግባት አይችሉም። ሻንጣውን ባዶ ማድረግ ይሻላል። የሰንሰለት ቅባት አዲስ አበባም አለ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ያለው ሰው ይህን ክፍል ይዝለለው። የሚመዘገብበት ቁጥርም የባትሪው ደንብም ሌላ ነው፤ አየር መንገዱን ከምንም በፊት ይጠይቅ።

«ሳጥኑን በእንጨቱ ምክንያት ያዙብኝ»

ያልታከመ ጣውላ ተባይ ይዞ ይገባል ተብሎ ይፈራል። ዓለም አቀፉ ደረጃ የእንጨቱ እምብርት በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅና የስንዴ ዛላ ያለበት ማኅተም እንዲመታበት ያዛል። ከማኅተሙ ጎን «ኤችቲ» የሚሉት ፊደላት በሙቀት መታከሙን ይናገራሉ። አናጺው «የደረቀ ነው» ቢል ማኅተም ከሌለው አይቆጠርም። የሚቀለው መንገድ ወደ ሞተር ሻጭ ሄዶ አዲስ ሞተር የመጣበትን የብረት ማሸጊያ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹ የሚጥሉበት አጥተው ይሰጣሉ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው እርስዎ አይደሉም አሉኝ»

ወሎዬዎችን ከሁሉም በላይ የሚያሠቃየው ይህ ነው። ሰይድ መሐመድ የሚባል ሰው እንውሰድ። በፓስፖርቱ ላይ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በተራ ተጽፏል። በሚኖርበት አገር በተሰጠው የሞተሩ ሊብሬ ላይ ደግሞ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ፊት ወጥቷል። «ሰይድ» በአንዱ ወረቀት በሦስት፣ በሌላው በአራት የላቲን ፊደል ተጽፏል፤ «መሐመድ» ደግሞ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው እናውቃለን። ኤር ዌይ ቢሉን (የአየር ጭነት ሰነዱን) የሞላው ሠራተኛ ከስልክ ሰምቶ ሌላ ዓይነት ይጨምርበታል። ቦሌ ላይ የጉምሩክ አስተላላፊው ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ «ጋሼ፣ ከእነዚህ ውስጥ እርስዎ የትኛው ነዎት?» ሲል መልሱ ቀላል አይሆንም።

ፓስፖርቱ ዋናው ይሁን። ኤር ዌይ ቢሉና የጭነት ዝርዝሩ ፊደል በፊደል ከእሱ ይቀዱ። ሊብሬው የሚለይ ከሆነ ከመጫኑ በፊት እዚያው አገር ይታረም፤ ካልተቻለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰነድ ይዘጋጅ። የሻንሲ ቁጥሩንም ከወረቀት ሳይሆን ከሞተሩ አንገት ላይ ያንብቡት፤ ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው ፎቶ ያንሱት። ዜሮና ኦ ሲምታቱ አይቻለሁ። ጭነቱ ከበረረ በኋላ ኤር ዌይ ቢል የሚታረመው ጭነቱ በተነሳበት በኩል ስለሆነ፣ እዚህ ያለው ሠራተኛ ቢያዝንልዎት እንኳ በብዕሩ ሊሰርዘው አይችልም።

ከአሜሪካ የሚልኩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው፤ ያገለገለ ተሽከርካሪ በአውሮፕላን ሲወጣ ሊብሬው ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ለአገሩ ጉምሩክ መቅረብ አለበት። ሞተሩ የባንክ ዕዳ ካለበት የአበዳሪው የጽሑፍ ፈቃድም ይጠየቃል።

«ሞተሩ ቦሌ ገብቷል፤ እኔ ግን ላወጣው አልቻልኩም»

ሞተሩ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ የሚስተናገደው በጊዜያዊ ማስገባት ሥርዓት ነው፤ መሠረቱም የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ነው። ቀረጥ ወዲያው አይከፈልም ማለት ግን ዋስትና አይጠየቅም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ሞተሩ መጋዘን ከገባ በኋላ ነው። አስተላላፊ የሚያዘው ከመብረሩ በፊት ነው፤ የወረቀቶቹ ረቂቅ ቀድሞ ይላክለት፤ ዋስትናው በምን መልክ እንደሚቀርብ ጉምሩክን ጠይቆ በጽሑፍ ያሳውቅዎ። እኛ ወሎዬዎች «አብሽር» ማለት አይከብደንም፤ መጋዘኑ ግን በቀን ይቆጥራል።

ሌላው የመዘግየት መነሻ የቀን አቆጣጠር ነው። ገናን ላሊበላ ለማክበር የሚመጣ ሰው ሞተሩን በታኅሣሥ አጋማሽ ለመላክ ያስባል። ያኔ የፈረንጆቹ ገና በታኅሣሥ 16 ይመጣና የላኪው ቢሮ ይዘጋል፤ አዲስ ዓመታቸው ይከተላል፤ እዚያ ሲከፈት እዚህ የእኛ ገና ይደርሳል። ሞተሩ ከፈረንጆቹ ገና በፊት ቦሌ ካልደረሰ ላሊበላን በአውቶቡስ ያዩታል። መውሊድን ጀማ ንጉሥ ለመዋል የሚመጣውም ቀኑ በጨረቃ እንደሚወሰን አስቦ ሰፋ ያለ ጊዜ ይያዝ።

«እስከ ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ ለምን አይበርም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። የአገር ውስጥ በረራው በአብዛኛው የሚሠራበት ኪው 400 የመንገደኛ አውሮፕላን የዕቃ ክፍሉ ለሞተር ሳጥን አይሆንም። የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብም ዋና ሥራው በጅቡቲ በኩል የሚመጣ የባሕር ኮንቴይነር ነው።

«ሳጥኑን ከፈትኩት፤ አይነሳም»

አብዛኛው ሰው በቀጥታ ባትሪውን ይጠረጥራል። መጀመሪያ ግን መሪው ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያና የጎን እግሩን ይዩ፤ ሲታሰር ማን እንደነካቸው አይታወቅም። ቀጥሎ የባትሪው ገመድ በደንብ መጥበቁን በእጅ ነቅነቅ አድርገው ይፈትሹ። ዳሽቦርዱ በርቶ ሞተሩ ከተሽከረከረና ካልተነሳ ነዳጁ ገና አልደረሰም። በፓምፕ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉን ከፍቶ የፓምፑ ድምፅ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ዘግቶ ደግሞ መክፈት፤ ካርቡሬተር ያለው ከሆነ የነዳጁን መክፈቻ ከፍቶ ትንሽ መታገስ ነው። ማስነሻውን ያለማቋረጥ መጫን ያለችውንም ባትሪ ይጨርሳል።

የፊት አሞርዛተሩ ዘይት ሲያለቅስ ከተገኘ መነሻው ማሰሪያው ነው። ጫኚዎች ቀበቶውን ጨክነው ሲስቡት አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ ለቀናት ይቆያል። በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሃል የእንጨት ድጋፍ ቢገባ ኖሮ አይደርስበትም ነበር። ከደረሰ ግን ወዲያው የዘይት መከላከያውን ጎማ ለመቀየር አይሩጡ፤ ብዙ ጊዜ ከስሩ የገባ ቆሻሻ ነው። ከሃይላንድ ፕላስቲክ ቀጭን ቁራጭ በመቀስ ይቁረጡ፤ ጫፉን መንጠቆ ያስመስሉት። የላይኛውን የአቧራ መከላከያ ወደ ላይ ገፍተው፣ ቁራጩን በቧንቧውና በዘይት መከላከያው ጎማ መሃል አስገብተው ዙሪያውን ቀስ ብለው ይሳቡት። ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ጠርገው አሞርዛተሩን ደጋግመው ይጫኑት። አሁንም ካለቀሰ የዘይት መከላከያው ጎማ ይቀየር፤ ዘይቱ ፍሬን ላይ እየወረደ ጣርማበርን መውረድ ግን አይታሰብም።

«መንገድ ላይ ጉልበቱ ጠፋ፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል»

ነዳጅ በኮምፒውተር የሚመጠንበት ሞተር ይህን በራሱ ያስተካክላል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጅ ይበዛበታል። ካንዴላው ሲወልቅ ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፤ ቀጥሎ ዋናውን ጅግለር (ነዳጅ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር ያሳንሱት። በአንድ እንጂ በሁለት አይሁን፤ መንገዱ ከጣርማበር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሚወርድ፣ እዚያ ነዳጅ ካነሰው ሞተሩ ይግላል።

ጎማው ደግሞ ባሕር ዳርቻ ከተነፋበት ወደ ሩብ ባር ገደማ ጨምሮ ቢያሳይ መለኪያው አልተበላሸም፤ የውጩ አየር ቀንሶ ነው። በቀዝቃዛ ጎማ እንደገና ይለኩት።

ሞተሩ ከከሚሴ በኋላ እየተንተፋተፈ የሚሄድ ከሆነ በመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛውን ቤንዚን ይጠርጥሩ፤ ውሃ ወይም አሸዋ አለው። የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ብሎን ከፍተው በግልጽ ዕቃ ይቀበሉት፤ ውሃው ከታች ይዘቅጣል። ማደያ እያለ ከመንገድ ዳር ላለመግዛት ደግሞ ቴሌብር ቦሌ ላይ ይከፈት፤ ያለ እሱ ማደያ ፊት ቆመው የሚቀሩ አሉ። የመንገዱን ጸጥታና በየከተማው በሞተር ላይ ገደብ መኖር አለመኖሩንም በዚያው ይጠይቁ፤ የሦስተኛ ወገን መድኑንም አስቀድመው ይግዙ።

«ተመልሼ ሄጃለሁ፤ ዋስትናዬ ግን አልተለቀቀም»

ሞተሩ ከአገር መውጣቱ በጉምሩክ አልተመዘገበም ማለት ነው። አውሮፕላን ላይ መጫኑ ብቻውን አይበቃም፤ የገባበት ዲክላራሲዮን በመውጫ ሰነድ መዘጋት አለበት። ካርኔ (ተሽከርካሪ በጊዜያዊነት የሚገባበት ዓለም አቀፍ የጉምሩክ ሰነድ) ይዘው በሌሎች አገሮች የሚያልፉም፣ ለምሳሌ በግብፅ፣ የመውጫው ክፍል ማኅተም ሳይመታበት ድንበር አይለቁም። አስተላላፊዎን የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት የተዘጋውን ሰነድ ቅጂ ይጠይቁት። ሻንጣው ውስጥ የሚገባ በርበሬና ማር ካለም ለአየር መንገዱ ይነገር፤ ማሩ ደግሞ በሞተሩ ሳይሆን ከእርስዎ ጋር ይሂድ።