መልቲቱል ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ምላጩን ጠይቁ

ሐዋሳ ውስጥ በርና ቁም ሳጥን እየገጠምኩ ነው የምኖረው። መልቲቱል (ምላጩ እየተንቀጠቀጠ የሚቆርጥ የእጅ ማሽን) ይገዛ አይገዛ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ይገዛ፣ ግን ከማሽኑ በፊት ምላጩን እዩ። ማሽኑ ዓመታት ያገለግላል። ምላጩ ግን አላቂ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ሚስማር ይበቃዋል።

ሱቅ ስትገቡ "ትርፍ ምላጭ አላችሁ?" በሉ። አምጥቶ ይግጠምላችሁ። የአንዳንዱ ማሽን ራስ ስታርሎክ የሚባለው ነው፤ ቶሎ ይገጠማል፣ ጥብቅም ነው። ጠፍጣፋውን ተራ ምላጭ ግን አይቀበልም። ለእያንዳንዱ ምላጭ አዲስ አበባ ሰው የምትልኩ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁም ከሆነ ቮልቱን አንብቡ። እዚያ 120 ነው፣ የእኛ 220። ዝም ብላችሁ ብትሰኩት ይቃጠላል።

ለቺፑድ፣ ለኤምዲኤፍና ለንጹሕ እንጨት ርካሹ የእንጨት ምላጭ ይበቃል። ውስጡ ሚስማር ይኖራል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቢሜታል (ጥርሱ ከጠንካራ ብረት የሆነ ምላጭ) ግጠሙ። የአሮጌ ቤት በር ከሆነ ጥርጣሬም አያስፈልግም፣ አለው። ለጥቁሩ የጂፕሰም ብሎን ካርባይድ ነው፤ ጥርሱ ከዚያም ይጠነክራል። የሴራሚክ ቦያካ (በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን መሙያ) ለመፋቅ ደግሞ ጥርስ የሌለውን፣ ዳይመንድ የተለበጠውን ጠይቁ። በአንድ ካርቶን ታጭቆ የሚሸጠውን እኔ አልገዛም፤ ግማሹ ሳይነካ ይቀመጣል።

ይህ ማሽን ዋጋውን የሚያወጣው የበር መቃን ግርጌ ሲቆረጥ ነው። አቶቴ አካባቢ ቤት ስናድስ ነባሩ ወለል ላይ አዲስ ሴራሚክ ይደረባል፣ መቃኑም ያደናቅፋል። ግራይንደር እዚያ ጥግ አይገባም። የሴራሚክ ቁራጭ ወለሉ ላይ አስቀምጡ፤ ከሥሩ የኮላውን ውፍረት የሚያክል ቀጭን ኮምፔንሳቶ አድርጉ። ምላጩን እላዩ ላይ አስተኝታችሁ ቁረጡ። ሜትር አያስፈልግም። በኋላ ሴራሚኩ ከመቃኑ ሥር ሾልኮ ይገባል፣ ስቱኮ መለጠፍም ይቀራል።

ምላጩ የሚሽከረከር አይደለም፤ 3 ዲግሪ ገደማ ግራና ቀኝ ይንቀጠቀጣል፣ በደቂቃ እስከ 20 ሺህ ጊዜ። ስለዚህ ሲጀምር ይዘላል። በአንድ ጥጉ አስጀምሩት፣ መስመር ሲይዝ ቀጥ አድርጉት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ እያወዛወዛችሁ ዱቄቱን አስወጡ። አትጫኑት። ከተጫናችሁት መንቀጥቀጡ ወደ ክንዳችሁ ይመጣል፣ እንጨቱ ይጨሳል። ጥርሱ ሰማያዊ ከሆነ አለቀለት። ለእንጨት ፍጥነቱን ጨምሩ፣ ለብረት ቀንሱ።

ባለ ሱቆች "ቆዳ አይቆርጥም" እያሉ መዳፋቸው ላይ ያሳያሉ። ነገሩ መነሻ አለው፤ የጀርመኑ ፋይን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዲህ የሚንቀጠቀጥ መጋዝ የሠራው ሐኪም ቤት የተሰበረ አጥንት ላይ የታሰረ ጄሶ ለመቁረጥ ነው። የእንጨት ምላጭ ግን ጣት ይቆርጣል፣ እንዳትሞክሩት። ግድግዳ ከመቅደዳችሁ በፊት ብሬከር አውርዱ፤ ለኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ማስክ አድርጉ።

ሐምሌ ላይ አብጦ አልዘጋ ያለ በር የመላጊያ ሥራ ነው። ለእሱ ብላችሁ መልቲቱል አትግዙ።