ተቃውሞውን ፓርቲ እንዳይወስድባችሁ
ኑሮ አስመርሯችሁ ሰልፍ ልትወጡ ነው እንበል። ጥያቄያችሁን አንድ አድርጉት። የፈረንሳይ ቢጫ ሰደርያ ለባሾች በ2018 እ.ኤ.አ. በነዳጅ ታክስ ጭማሪ ተነሱ፣ የማንንም ፓርቲ ባንዲራ ስላልያዙ ግራውም ቀኙም አብሯቸው ቆመ፣ መንግሥትም በወሩ ጭማሪውን ሰረዘው። በ2019 ግን ከነሱ ወጥተው ለአውሮፓ ፓርላማ የተወዳደሩት 1 በመቶ ድምፅ እንኳ አላገኙም።

የፓርቲ ሰው ይምጣ፣ ግን ባንዲራውን ቤቱ ትቶ። ከፓርቲ ገንዘብ አትቀበሉ፣ የሻይም ቢሆን (እዚህ ላይ ድርቅ እላለሁ)። መዋጮውን ሁሉም ፊት ቁጠሩት። ከፓርቲዎች ጋር መነጋገርን ግን አትፍሩ፤ ሕግ የሚያወጣው ፓርላማ ነውና ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ለሁሉም እኩል ስጡ፣ ማን እንደተቀበለው ለሕዝብ ንገሩ። ቃል አቀባያችሁ ዕጩ ልሁን ካለ መልካም ዕድል በሉትና ማይኩን ተቀበሉት።