ማመቻቻው ሶፍትዌር የጨዋታ ቅንብሮችን አላስተካክል ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

የግራፊክስ ካርድ አምራቾች ከድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር ከሚያገናኘው ፕሮግራም) ጋር የሚያቀርቡት ሶፍትዌር በአንድ ቁልፍ ጨዋታን ከኮምፒውተር አቅም ጋር እንዲያስማማ የተሠራ ነው። ቁልፉ ሲጫን ግን «ማመቻቸት አልተቻለም» የሚል መልእክት ብቅ ይላል፤ አንዳንዴም ጨዋታው ጭራሽ በዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ሶፍትዌሩን አጥፍተው እንደገና ለመጫን ይቸኩላሉ፤ ካርዱ ተበላሽቷል ብለው የሚሰጉም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከሁለቱም አይደለም።

ሶፍትዌሩ የሚሠራውን ካወቁ ችግሩ ያለበትን ቦታ ማግኘት ቀላል ነው። ጨዋታው የስክሪን ጥራትን፣ የጥላን፣ የቴክስቸርንና የመሳሰሉትን ምርጫዎች በትንሽ የቅንብር ፋይል ያስቀምጣል። ማመቻቻው መጀመሪያ ጨዋታውን ይፈልጋል፤ ከዚያ ይህን ፋይል ያነባል፤ ለዚያ ጨዋታ፣ ለዚያ ካርድና ፕሮሰሰር ከአምራቹ ሰርቨር ከሚመጣው ምክር ጋር ያመሳክራል፤ በመጨረሻም እሴቶቹን ቀይሮ መልሶ ይጽፋል። ካርዱን በራሱ አያፈጥነውም። ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ የተሰናከለው ሲፈልግ ነው፣ ሲያነብ ነው ወይስ ሲጽፍ?

ምልክት፦ ጨዋታው በዝርዝሩ ውስጥ የለም

ሶፍትዌሩ የሚያስሰው የሚያውቃቸውን ፎልደሮች ብቻ ነው። ጨዋታው በሌላ ዲስክ ላይ ከተጫነ በሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ ያንን ፎልደር ጨምረው እንደገና እንዲያስስ ያድርጉ። ጨዋታውን ከዲስክ ወደ ዲስክ በእጅ ገልብጠውት ከሆነ ግን የተመዘገበው አድራሻ አሁንም የድሮው ነው። እንዲህ ያለውን ዝውውር ስቲምን በመሰለው የጨዋታ ማስጀመሪያ በኩል መፈጸም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልታየ ጨዋታው በአምራቹ የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ቅንብሩን በጨዋታው ሜኑ ውስጥ በእጅ ማስተካከል ነው።

ምልክት፦ ጨዋታው ይታያል፣ ቅንብሩ ግን አይነበብም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው በጣም ቀላሉ ነው፤ ጨዋታው ከተጫነ ወዲህ አንዴም አልተከፈተም። ብዙ ጨዋታዎች የቅንብር ፋይላቸውን የሚፈጥሩት መጀመሪያ ሲከፈቱ ነው፤ ፋይሉ ከሌለ የሚነበብ ነገር የለም። ጨዋታውን ይክፈቱ፣ ወደ ግራፊክስ ሜኑ ገብተው አንድ ነገር ቀይረው ያስቀምጡ፣ ከዚያም በጨዋታው የራሱ መውጫ ይውጡ። በግድ ከተዘጋ ፋይሉን ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የፋይሉ ቦታ መቀየር ነው። ብዙ ጨዋታዎች ቅንብራቸውን በዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ፣ አንዳንዴም ማይ ጌምስ በሚለው ንዑስ ፎልደር ያኖራሉ። ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ምትኬ እንዲይዝ ሲፈቀድለት ዶክመንትስን ወደ ራሱ ፎልደር ያዛውረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በአንዱ ቦታ ሲጽፍ ማመቻቻው ሌላውን ሊመለከት ይችላል። ዶክመንትስ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስን ሲከፍቱ ሎኬሽን የሚለው ክፍል ትክክለኛውን አድራሻ ያሳያል። በሁለት ቦታ የተከፈለ ከሆነ የዶክመንትስን ምትኬ ከዋንድራይቭ ቅንብር አጥፍተው ፋይሎቹን ወደ አንድ ቦታ ይሰብስቡ። አንሪል ኢንጂን በሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠሩ ጨዋታዎች ግን በአብዛኛው አፕዳታ በሚባለው የተደበቀ የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሎካል በሚለው ፎልደር ስለሚያስቀምጡ ይህ አይነካቸውም።

ፋይሉ በቦታው ኖሮ የተበላሸም ሊሆን ይችላል። አያጥፉት፤ ስሙን ብቻ ለውጠው ጨዋታውን ይክፈቱ። አዲስ ፋይል ከተፈጠረና ማመቻቻው ካነበበው ጥፋቱ የድሮው ፋይል ነበር።

ምልክት፦ «ተመቻችቷል» ይላል፣ ጨዋታው ውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም

ሰውን በጣም የሚያደክመው ይህኛው ነው፤ መልእክቱ ሁሉም ነገር እንደተሳካ ስለሚናገር ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ይጠፋል። እኔ የማምነው መንገድ አንድ ነው። የቅንብር ፋይሉን ያግኙና መጨረሻ የተሻሻለበትን ሰዓት ያስተውሉ። ከዚያ የማመቻቻውን ቁልፍ ይጫኑና ሰዓቱን እንደገና ይመልከቱ።

ሰዓቱ ካልተለወጠ ጽሑፉ ፋይሉ ላይ አልደረሰም። ፋይሉ ሪድ ኦንሊ (ለንባብ ብቻ) ተብሎ ተቆልፎ እንደሆነ በፕሮፐርቲስ ውስጥ ይዩ፤ ቅንብራቸው እንዳይቀየር ብለው ቀደም ሲል ራሳቸው ቆልፈው የረሱ ጥቂት አይደሉም። ምልክቱን ያንሱለት። ካልሆነ ወደ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ይሂዱ። በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ) መከላከያው ሥር ያለው የፎልደር ጥበቃ ከበራ ያልታወቁ ፕሮግራሞች ዶክመንትስ ውስጥ እንዳይጽፉ ይከለክላል። ጥበቃውን ማጥፋት አያስፈልግም፤ በቅርቡ ከታገዱት ፕሮግራሞች መካከል ማመቻቻውን መርጠው ይፍቀዱለት። ሌላ ጸረ ቫይረስ ካለም ተመሳሳይ ክልከላ እንዳለው ያረጋግጡ።

ሰዓቱ ተለውጦ ጨዋታው ሲከፈት አሮጌው ቅንብር ከተመለሰ ግን ማመቻቻው ሥራውን ሠርቷል፤ ከእሱ በኋላ የጻፈ ሌላ አለ። ብዙ ጨዋታዎች ሲዘጉ በሜሞሪ የያዙትን ቅንብር ፋይሉ ላይ መልሰው ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ጨዋታው ክፍት ሳለ የተደረገ ማመቻቸት ሲዘጋ ይጠፋል። ጨዋታው ከበስተጀርባ አለመቅረቱን በታስክ ማናጀር አይተው ዘግተው ይድገሙት። ፋይሎችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የስቲም ክላውድም አንዳንድ ጨዋታዎች ላይ የቅንብር ፋይሉን ጭምር ስለሚያመሳስል አሮጌውን ቅጂ ሊመልሰው ይችላል። በዚያ ጨዋታ ብቻ ክላውዱን ለጊዜው አጥፍተው ይሞክሩ። ሲያጠፉት የጨዋታ ሂደትዎም መመሳሰል ስለሚያቆም መልሰው ማብራቱን አይርሱ።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ መስፈርቱን አያሟላም ይላል

መልእክቱ እውነት ከሆነ ቅንብሩን በእጅ ዝቅ ማድረግ ይቀራል፤ ከጥላና ከስክሪን ጥራት መጀመር ብዙ ጊዜ ጥሩ ፍጥነት ይመልሳል። ሁለት ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ግን ጨዋታው በደካማው በኩል እየሠራ እንዳይሆን ያረጋግጡ። በዊንዶውስ ቅንብር፣ በዲስፕሌይ ሥር፣ ግራፊክስ በሚለው ክፍል ጨዋታውን መርጠው ከፍተኛ አቅም ያለውን ካርድ ይስጡት።

ምልክት፦ ከተመቻቸ በኋላ ጨዋታው ዘገመ

ሶፍትዌሩ ለምስል ውበት ቅድሚያ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ የስክሪን ጥራቱን ከስክሪኑ ትክክለኛ ጥራት በላይ ያደርሰዋል። ካርድዎ የኤንቪዲያ ከሆነ በአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ በጥራትና በፍጥነት መካከል የሚንሸራተተውን መስመር ወደ ፍጥነት ጎን ስበው እንደገና ያመቻቹ። ከቅንብሩ ውጭ ያለ ምክንያትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ኤንቪዲያ አፕ በተባለው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ውስጥ ያሉት የጨዋታ ማጣሪያዎች (የጨዋታውን ምስል ቀለምና መልክ የሚቀይሩ) ባይጠቀሙባቸውም እንኳ በአንዳንድ ጨዋታዎች ፍጥነትን እስከ 15 በመቶ ሲቀንሱ ተገኝተዋል። በኦቨርሌይ (በጨዋታው ላይ ተደርቦ በሚታየው መስኮት) ቅንብር ውስጥ የጨዋታ ማጣሪያና ፎቶ ሞድ የሚለውን አጥፍተው ልዩነቱን ይመልከቱ።

ምልክት፦ ሶፍትዌሩ ራሱ አይከፈትም ወይም እየዞረ ይቀራል

እንደገና የመጫኑ ሐሳብ ተራው እዚህ ነው፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ አይደለም። ካርድዎ የኤንቪዲያ ከሆነ የዊንዶውስ ሰርቪሶችን (ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) ዝርዝር ከፍተው ኤንቪዲያ ሎካልሲስተም ኮንቴይነር የሚለውን አቁመው ያስጀምሩት። ምክሩ ከሰርቨር ስለሚመጣ ቪፒኤን ወይም ፋየርዎል መንገዱን ዘግቶት እንደሆነም ይዩ። አሁንም የድሮውን የኤንቪዲያ ሶፍትዌር፣ ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስን የሚጠቀሙ ከሆነ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በይፋ ወደወጣው ተተኪው፣ ወደ ኤንቪዲያ አፕ ይሻገሩ፤ አዲሱ አካውንት ከፍተው እንዲገቡ አያስገድድም። ይህ ካልረዳ ድራይቨሩን ሲጭኑ ንጹሕ ጭነት የሚለውን ይምረጡ፤ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ፣ ጨዋታውን አንዴ ከፍተው ይዝጉ፣ ከዚያም ሶፍትዌሩ ጨዋታዎቹን እንደ አዲስ እንዲያስስ ያድርጉ።