የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ኤች 6ን እዩ

«ለውጭ አገር ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለን» የሚል ድረ ገጽ ለስንት ተማሪ፣ ስንት ዶላር እንደሚሰጥ አይነግራችሁም። ጎግል ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጻፉና «ኮመን ዳታ ሴት» የሚለውን በእንግሊዝኛ (Common Data Set) ጨምሩበት። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የሚያወጡት ሰነድ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚመልሱ ለማወዳደር ይመቻል።

በሰነዱ ክፍል ኤች 6 (H6) ላይ ከዩኒቨርሲቲው የገንዘብ እርዳታ ያገኙ የውጭ ተማሪዎች ቁጥርና አማካይ መጠኑ አለ። ክፍል ቢ 2 (B2) ላይ ደግሞ በጠቅላላው ስንት የውጭ ተማሪ እንዳለ እዩ። ለምሳሌ ከ600 ተማሪ ያገኙት 20 ብቻ ከሆኑ፣ አማካዩ 60 ሺህ ዶላር ቢሆንም በሩ ጠባብ ነው። ከ200 ውስጥ 150ው ካገኙ ግን የማመልከቻ ገንዘባችሁን እዚያ አውሉት። ቤተሰቡ መክፈል ለማይችል ልጅ ይህ ከደረጃ ሰንጠረዥ በጣም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 (I-20) የተባለ ቅጽ የሚሰጣችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ስታሳዩ ነው።

ቁጥሩ ያለፈውን እንጂ የዘንድሮን በጀት አያሳይም። የሚሠራውም ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለፒኤችዲ ገንዘቡ በአብዛኛው በዲፓርትመንቱ በኩል ስለሚመጣ በቀጥታ እዚያ ጠይቁ።