ከጉልበት ወይም ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በፊት ሆርሞንን ማስተካከል፦ ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሦስት ወር ዝግጅት

ያለቀ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ በብረትና በፕላስቲክ ሲተካ፣ ታካሚውም ሐኪሙም አጥብቀው የሚፈሩት ኢንፌክሽንን ነው። የሚያጋጥመው ከመቶ ታካሚዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ቢሆንም መዘዙ ከባድ ነው። በቆዳችን ላይ ያለ ጉዳት የሚኖሩት እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች፣ ደም በማይዞርበት ብረት ላይ አንዴ ከተጣበቁ ንፍጥ መሰል ሽፋን ሠርተው ይከለሉበታል፤ ከዚያ በኋላ አንቲባዮቲክም ሆነ ነጭ የደም ሴል በቀላሉ አይደርስባቸውም። ችግሩ ቶሎ ካልተደረሰበት ብዙ ጊዜ ብረቱ ይወጣል፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ከዚያም ታካሚው ሌላ ብረት እንዲገባለት ዳግመኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይመለሳል።

የክፍሉና የመሣሪያው ንጽሕና የሆስፒታሉ ኃላፊነት ነው። ወደዚያ ክፍል ይዘውት የሚገቡት ደም ግን የእርስዎ ነው፤ እሱን ማዘጋጀትም በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የቀጠሮው ቀን እንደተነገረዎት ሦስት ወር ወደ ኋላ ይቁጠሩና ምርመራውን ከዚያ ይጀምሩ።

መጀመሪያ የሚታየው ኢንሱሊን ነው፤ ከቆሽት የሚመነጨው ይህ ሆርሞን ሲያንስ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል የደም ስኳር ይጨምራል፣ ነጭ የደም ሴሎችም ባክቴሪያን አሳድዶ የመዋጥ አቅማቸው ይዳከማል። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየውን የኤ ዋን ሲ ምርመራ ያሠሩ። ብዙ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ውጤቱ ከ7.5 እስከ 8 በመቶ ካለው ወሰን በላይ ከሆነ ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት ይመርጣሉ። ቀጠሮ ለማግኘት ወራት የጠበቀ ሰው «ቆይ» ሲባል ቢከፋው አይፈረድበትም፤ ሆኖም የጉልበት ቅየራ አስቸኳይ ስላልሆነ፣ በእኔ አስተያየት ስኳሩ ሳይስተካከል የሚገባ ሰው የሚቆጥበው ጊዜ የለም። ውጤቱን በጭፍን ላለመቀበልም ምክንያት አለ፦ በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ፣ በቅርቡ ደም መውሰድ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ካለብዎት ለሐኪሙ ይንገሩና ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት የሚያሳየው የፍሩክቶሳሚን ምርመራ የሚቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

መድኃኒትዎን በተመለከተ በተለይ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ከሆነ ማስታወቅ አለብዎት፤ እነዚህ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 3 ቀን ቀድመው የሚቆሙት ደምን አሲዳማ የሚያደርግ አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም ምግብ በሚከለከሉበት ሌሊትና ጠዋት ምን ያህል እንደሚወጉ አስቀድመው በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በራስ ግምት ማቆምም ሆነ እንደወትሮው መውጋት ሁለቱም አደጋ አላቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስቴሮይድ፣ ማለትም ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢ የሚያመነጨው የኮርቲዞል ሆርሞን ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው። ጉልበት ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሣል፤ ነገር ግን በተወጋ በሦስት ወር ውስጥ ያንኑ ጉልበት መቀየር የኢንፌክሽን ሥጋትን ይጨምራል። «ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ አንዴ ልወጋ» የሚለው ሐሳብ የሚያጓጓ ቢሆንም ይተዉት። ለመገጣጠሚያ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጡ እንክብሎችም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባሉ ስቴሮይዶች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ፓኬቶቹን ሰብስበው ይዘው ይሂዱና ያሳዩ። በአንጻሩ ለሪህ፣ ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም፤ እጢው ሥራውን ስላቆመ የደም ግፊቱ በቀዶ ሕክምናው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛው ታይሮይድ ነው። የእንቅርት ታሪክ ያለባቸው፣ እጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው፣ ወይም ያለ ምክንያት ብርድ ብርድ የሚላቸውና የሚደክማቸው ሰዎች ቲኤስኤች የሚባለውን፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለውን የደም ምርመራ ያስመርምሩ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ከሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ጋር መዛመዱን ያሳዩ ጥናቶች አሉና። የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ የሆነው ክኒን፣ የሌቮታይሮክሲን መጠን ከተለወጠ ውጤቱ በምርመራ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። አወሳሰዱ ላይ አንድ የእኛ ቤት ችግር አለ። እናቴ ክኒኗን ለወራት ሳታቋርጥ እየዋጠች ቲኤስኤችዋ አልወርድ ብሎ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ለካ ክኒኑ የሚዋጠው ረከቦቱ ፊት፣ በአቦሉ ነው። ቡና ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒቱን መጠን ይቀንሳል። ክኒኑን በውኃ ብቻ፣ በባዶ ሆድ ይዋጡ፤ ቡናውንና ቁርሱን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያቆዩ፤ የብረትና የካልሲየም ክኒኖችን ደግሞ በአራት ሰዓት ያራርቁ።

በሰውነት ውስጥ እንደ ሆርሞን የሚሠራው የቫይታሚን ዲ እና የወንድ ሆርሞን የሚባለው የቴስቶስትሮን ማነስም ከኢንፌክሽን ጋር ይነሣሉ። ቫይታሚን ዲን መለካትና ማነሱ ከታየ መሙላት ቀላል ነው፤ ቴስቶስትሮንን ግን ለዚህ ዓላማ ብሎ መጀመር አያስፈልግም።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት የስኳር ሕመም የሌለብዎትም እንኳ ስኳርዎ ሊጨምር እንደሚችል ይወቁ፤ ሰውነት ሲቆረጥ ኮርቲዞልና አድሬናሊን ያፈስሳል፣ እነርሱም የኢንሱሊንን ሥራ ይቃወማሉ። ስለዚህ በተኙበት ክፍል ጣትዎ ተወግቶ ሲለካ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ በዴሲሊትር ከ200 ሚሊግራም በታች መቆየት አለበት። አስታማሚ ቤተሰብም ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ይዞ ባይመጣ ይሻላል።

ቤት ከገቡ በኋላ ቁስሉ ከሳምንት በላይ ፈሳሽ ካወጣ፣ እየቀላና እየሞቀ ከሄደ፣ ወይም ቀለል ብሎ የነበረው ሕመም ከተመለሰ ወደ ቀዶ ሐኪምዎ ይሂዱ። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝተው አይጀምሩ፤ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ ሳይመረመር የተዋጠ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ሳይገድል ከምርመራው ሊደብቀው ይችላል።