በኢምፕላንት ላይ የሚቆም ቋሚ የጥርስ ድልድይ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ተከታታይ ጥርሶች የጎደሉት ሰው በአብዛኛው ሦስት አማራጮች ይቀርቡለታል፦ ማታ ማታ የሚወልቅ ተነቃይ ጥርስ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ በእነርሱ ላይ የሚታሰር ብሪጅ፣ ወይም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከሉ የታይታኒየም ብሎኖች (ኢምፕላንት) ላይ የሚቆም ቋሚ ድልድይ። ሦስተኛው ጤነኛ ጥርስ ሳያስሞርድ ማኘክን ይመልሳል፤ ሆኖም ወራት ይፈጃል፣ ከተገጠመም በኋላ ክትትል አይቋረጥበትም። ስለዚህ ድሬዳዋ ወይም ሐረር እየኖረ አዲስ አበባ ሄዶ ሊታከም ለሚችል ሰው፣ የብሎኑ የንግድ ምልክት የቱ ነው ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ከገጠሙልኝ በኋላ በቅርብ የሚያየኝ ማን ነው የሚለው ሊቀድም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ለእያንዳንዱ የጎደለ ጥርስ አንድ ብሎን አያስፈልግም። ሦስት ተከታታይ ጥርሶች የጎደሉበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በሁለት ኢምፕላንት ይሸፈናል፤ የመካከለኛው ጥርስ በሁለቱ ተይዞ ይቆማል። አንድ መንጋጋ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ ከ4 እስከ 6 ኢምፕላንት የተለመደ ነው።

ምርመራው በችኮላ መታለፍ የለበትም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይዞት የነበረው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ አብዛኛው መሳሳት የሚደርሰውም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ከዓመታት በፊት ያስነቀለ ሰው ብሎን የሚይዝ በቂ አጥንት ላይኖረው ይችላል። ተራው ፓኖራሚክ ራጅ ጠቅላላውን ገጽታ ሲያሳይ፣ የጥርስ ሲቲ (በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ራጅ) የአጥንቱን ውፍረት፣ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭና ከላይኛው መንጋጋ በላይ ያለውን የሳይነስ ክፍተት በልኩ ያሳያል። አጥንት ካነሰ ተጨማሪ አጥንት ይሞላል፤ ይህም ወራት ይጨምራል። የድድ በሽታ ካለ አስቀድሞ መታከም አለበት። ስኳርዎ ያልተስተካከለ ከሆነ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም በመንጋጋዎ አካባቢ የጨረር ሕክምና ወስደው የሚያውቁ ከሆነ፣ ሳይጠየቁም ቢሆን ለሐኪሙ ይንገሩ።

በእኛ አካባቢ ስለ ጫት ሳይነጋገሩ ቀዶ ሕክምና መጀመር አይገባም። ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ የተያዘ ጫት ድድን ይፈትጋል፤ የቅጠሉ ስባሪም በስፌቱ መካከል ይሰነቀራል። አብሮት የሚጨሰው ሲጋራና ሺሻ ወደ ድድ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ጥርስ የሌላቸው አረጋውያን እንደሚያደርጉት ተወቅጦ የሚወሰደው ጫትም ቢሆን ቁስል ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ «አላኝከውም» ማለት ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ቁስሉ ተዘግቶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ መተው ይሻላል። በምርቃና ሰዓት ወይም በእንቅልፍ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ደግሞ ይህን ሊደብቅ አይገባም፤ የድልድዩ አሠራርና የማታ መከላከያ ላስቲክ አስፈላጊነት በዚህ ይወሰናልና።

ተከላው በአብዛኛው በማደንዘዣ መርፌ ብቻ ይከናወናል። ሐኪሙ አጥንቱን የሚበሳው ውኃ እያፈሰሰ በዝግታ ነው፤ አጥንት ከ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከሞቀ ይጎዳል፣ የተጎዳ አጥንትም ብሎን አይዝም። በመጀመሪያው ቀን ጉንጭዎ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አረፍ እያደረጉ ይያዙ፤ ትኩስ ሻይና ቡና ይተው። ለቀጣዮቹ ቀናት ለብ ያለ ሾርባ፣ አጥሚት ወይም ለስላሳ ገንፎ ይበቃል፤ ቆሎና ጥብስ ይቆዩ። ስፌቱ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ይነሣል። ረመዳንን የሚጾም ሰው የመድኃኒቱ ሰዓት እንዳይዛባበት ቀዶ ሕክምናውን ከጾሙ በፊት በቂ ጊዜ ሰጥቶ ወይም ከዒድ በኋላ ቢያደርገው ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አጥንት ከታይታኒየም ጋር አጥብቆ እንደሚዋሐድ ያስተዋለው ስዊድናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ብራነማርክ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ውሕደቱ በታችኛው መንጋጋ 3 ወር ገደማ፣ አጥንቱ ሳሳ ባለበት በላይኛው ደግሞ እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል። «በሳምንት ጨርሰን እንልክዎታለን» ከተባሉ፣ የተገጠመው ጊዜያዊ ነው ወይስ የመጨረሻው ብለው ይጠይቁ።

ውሕደቱ ሲረጋገጥ ልክ ይወሰዳል፣ ድልድዩ ከዚርኮኒያ (ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ) ወይም ፖርሴሊን ከለበሰ ብረት ይሠራል፣ አፍ ውስጥ ተሞክሮም ይገጠማል። ድልድዩ ኢምፕላንቱ ላይ በሲሚንቶ የሚጣበቅ ነው ወይስ በሌላ ትንሽ ብሎን የሚታሰር? የሠራለት ሐኪም አዲስ አበባ ያለ ሰው፣ አመቺ እስከሆነ ድረስ፣ በብሎን የሚታሰረውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሲላላ ሳይሰበር ተፈትቶ ሊጠብቅ ይችላል፣ ድድ ሥር ተርፎ የሚያስቆጣ ሲሚንቶም አይኖርም። ታዲያ የሚፈታው ሐኪም ትክክለኛውን መፍቻ ማወቅ ስላለበት፣ የኢምፕላንቱን ስም፣ ውፍረትና ርዝመት የያዘ ካርድ ከራጁ ጋር ተቀብለው ይመለሱ። ከጉዞው በፊትም በከተማዎ ያለ የጥርስ ሐኪም ስፌት ለማንሣትና ለክትትል ፈቃደኛ መሆኑን ያረጋግጡ።

ኢምፕላንት አይነቅዝም፤ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። መፋቂያ የጥርሱን ፊት ያጸዳል እንጂ ከድልድዩ ሥር አይደርስም። ለዚህ አንድ ጫፉ ጠንካራ፣ መካከሉ እንደ ስፖንጅ የሆነ የድልድይ ክር አለ፦ ጠንካራውን ጫፍ ከጉንጭ በኩል በድልድዩና በድዱ መካከል አሾልከው በምላስ በኩል ይሳቡት፤ ስፖንጁ ሥሩ ሲደርስ ወደፊትና ወደኋላ ደጋግመው ይፈትጉ፣ ቀጥሎም በእያንዳንዱ ኢምፕላንት ጎን እንዲሁ ያድርጉ። በየማታው ይህን ያድርጉ፤ ሐኪምዎ በሚወስነው ጊዜም እየተመለሱ ይታዩ፣ ራጅ ይነሡ።

ድዱ ሲነካ ከደማ፣ መግል ከታየ ወይም ድልድዩ ከተነቃነቀ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። የተነቃነቀ ድልድይ በዚያ ጎን እየታኘከበት ከቆየ የያዘውን ትንሽ ብሎን ሊሰብር ይችላል፤ ከወለቀም በሱቅ ማጣበቂያ ለመመለስ አይሞክሩ፣ ከተገኙት ክፍሎች ሁሉ ጋር በንጹሕ ዕቃ አድርገው፣ ካርዱንም ጨምረው ለሐኪሙ ያቅርቡ።